ኮምፒውተር የወንድሜን አንጀት ሊያውቅልኝ ይችላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። እዚህ ጎንደር የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ሆዱን መታመም ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። መጀመሪያ አሜባ ተባለ፣ ቀጥሎ ታይፎይድ፣ ከዚያ ጨጓራ። መድኃኒት ሲወስድ ትንሽ ይሻለዋል፣ ከዚያ ተመልሶ ያገረሽበታል። በጣም ከስቷል። በቅርቡ አንጀትን በካሜራ በሚያየው በኮሎኖስኮፒ ታይቶ «ክሮንስ ይመስላል፣ ግን የአንጀት ቲቢም ሊሆን ይችላል» ተባለ። እኔ ደግሞ ይህን በሽታ በኮምፒውተር ሞዴል የሚያጠኑ ሰዎች እንዳሉ አነበብኩ። እውነት የሚሠራ ነገር ነው? ለወንድሜስ የሚጠቅመው አለ?
— ከማራኪ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስሙ ያልታወቀ ሕመም ይዞ ሁለት ዓመት መንከራተት ከሕመሙ እኩል ያደክማል። ስለዚህ መልሱን ሳላስረዝም ልንገርሽ። አዎ፣ ሞዴሎቹ እውነተኛ ሥራ እየሠሩ ነው። የወንድሽን ጥያቄ ዛሬ የሚመልሰው ግን ከአንጀቱ የሚወሰደው ናሙና ነው። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

የአንጀት ብግነት በሽታ የሚባለው በዋናነት ሁለት ነው። አንዱ ክሮንስ ነው፤ በ1932 እ.ኤ.አ. ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ስለ በሽታው በጻፈው በኒውዮርኩ ሐኪም በበሪል ክሮን ተሰየመ። ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ሊነሣ ይችላል፣ እዚህ ቆስሎ እዚያ ጤነኛ ቦታ እየዘለለ ይሄዳል፣ የአንጀቱንም ግድግዳ ዘልቆ ይገባል። ሌላው አልሰሬቲቭ ኮላይተስ ነው። እሱ ከትልቁ አንጀት አይወጣም፤ የሚያቆስለውም የውስጡን ሽፋን ነው። በሁለቱም የሰውነት መከላከያ ከልክ በላይ ተቆጥቶ የራሱን አንጀት ይጎዳል። እስካሁን ከ200 በላይ የዘረመል ቦታዎች እጃቸው እንዳለበት ታውቋል። ግን ዘር ብቻውን አይበቃም፤ ባክቴሪያው አለ፣ ምግቡ አለ፣ ክሮንስን የሚያባብሰው ሲጋራም አለ።

ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲንቀሳቀስ በጭንቅላት ብቻ መከታተል አይቻልም። ኢንተርሊዩኪን 17 የሚባል የመከላከያ መልእክተኛ በተቆጣ አንጀት ውስጥ በብዛት ይገኛል። እሱን ብንዘጋው በሽታው ይበርዳል ብሎ ያላሰበ ማን አለ? ሴኩኪኑማብ የሚባል መድኃኒት ይህንኑ እንዲያደርግ ለክሮንስ ሕሙማን ተሞከረ። ውጤቱ በ2012 እ.ኤ.አ. ሲወጣ መድኃኒቱ አልጠቀመም፤ እንዲያውም ከወሰዱት አንዳንዶቹ ባሰባቸው። ለካ ያ መልእክተኛ በአንድ በኩል ቢያስቆጣም በሌላ በኩል የአንጀቱን ግድግዳ ይጠብቅ ኖሯል። አንዱን ክር ስትስቢ የቱ እንደሚላላና የቱ እንደሚጠብቅ ሰው ላይ ሳይሞከር በፊት ለመገመት ነው ሞዴል የሚያስፈልገው።

ሞዴል ምን እንደሆነ እናትሽ ያውቁታል። ሊጥ ሲያቦኩ እርሾው ምን ያህል እንደሆነ፣ አየሩ መቀዝቀዙን ወይም መሞቁን አይተው ሊጡ መቼ ለመጋገር እንደሚደርስ አስቀድመው ይነግሩሻል። በልባቸው የያዙት ስሌት አለ። ተመራማሪዎቹ ያንን ስሌት በቁጥር ይጽፉታል።

አንዳንዶቹ የሚጽፉት በዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ ማለትም ነገሮች በምን ፍጥነት እንደሚለወጡ በሚገልጽ ቀመር ነው፤ ይሄ ያንቺ ሰፈር ነው። የአንጀት ግድግዳ ሲሳሳ ባክቴሪያ ይገባል፣ ባክቴሪያ ሲገባ የመከላከያ ሴሎች ይጎርፋሉ፣ እነሱ ቲኤንኤፍ የሚባል ኬሚካል ይለቃሉ፣ ቲኤንኤፉ ግድግዳውን የባሰ ያሳሳዋል፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። ይህን ዙሪት ስታሰይው የሚገርም ነገር ይወጣል። ጉዳቱ ትንሽ ከሆነ በራሱ ይበርዳል። ከአንድ ልክ ካለፈ ግን የመነሻው ምክንያት ከጠፋ በኋላም እሳቱ ራሱን እየመገበ ይቀጥላል። ወንድሽ ያለበት ክሮንስ ከሆነ፣ ተሻለኝ ሲል የሚያገረሽበት ነገር በዚህ በኩል ሲታይ ትርጉም ይሰጣል። እያንዳንዱን ሴል ለብቻው ቆጥረው፣ «ባክቴሪያ ካገኘህ ይህን አድርግ» የሚል ሕግ ሰጥተው፣ ኮምፒውተር ላይ እንደ ገበያተኛ ለቀው የሚመለከቱም አሉ።

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው የባክቴሪያዎቹን ምግብ የሚያሰላውን ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በሉክሰምበርግ ዩኒቨርሲቲ የተመራ ቡድን የ773 የአንጀት ባክቴሪያዎችን የምግብ አጠቃቀም በኮምፒውተር ገንብቶ ለሁሉም ክፍት አደረገ። ማን ምን ይበላል፣ ምን ያስወጣል፣ የአንዱ ትርፍ ለማን ቀለብ ይሆናል የሚለውን ማስላት ይቻላል። በክሮንስ ሕሙማን አንጀት ውስጥ ቡቲሬት የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ይመናመናሉ። ቡቲሬት የትልቁ አንጀት ሴሎች ዋና ቀለብ ነው፤ ባክቴሪያዎቹ የሚሠሩትም በዋናነት ሳይፈጭ ከሚደርሳቸው ፋይበር ነው። የእኛን የጤፍ እንጀራ፣ ሽሮና የጾም ምስር እዚህ ሞዴል ውስጥ ብታስገቢው ምን ይወጣ ይሆን? ይህን ጥያቄ ከጎንደር ልጅ የተሻለ የሚጠይቀው ያለ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ወንድሽ። ጎንደር ላይ ማቡካት የለመደች ሴት መተማ ወርዳ በዚያው ልክና በዚያው ቀን ልጋግር ብትል ሊጡ ሆምጥጦ ይጠብቃታል። ሙያዋ አልጠፋም፤ አገሩ ሞቃት ነው። የአብዛኞቹ ሞዴሎች ችግርም ይኸው ነው። የተማሩበት መረጃ በብዛት የመጣው ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ሕሙማን ነው፤ እዚያ የአንጀት ቲቢ ብርቅ ነው፣ አሜባም እንደዚያው። እኛ ጋ ሁለቱም አሉ። የአንጀት ቲቢና ክሮንስ ደግሞ መንታ ይመስላሉ። ሁለቱም የትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ይበረታሉ፣ ሁለቱም ያከሳሉ፣ ሁለቱም ያተኩሳሉ። ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው። ለክሮንስ የሚሰጠው ስቴሮይድ መከላከያን ያዳክማል፣ ያ ደግሞ ቲቢ ላለበት ሰው አደጋ ነው። ቲኤንኤፍን የሚዘጋው ኢንፍሊክሲማብ በ1998 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለክሮንስ ተፈቀደ፤ በ2001 ደግሞ ተኝቶ የቆየ ቲቢን እንደሚቀሰቅስ ተዘገበ። አሁን መድኃኒቱ ሳይጀመር ቲቢ ይመረመራል። ሁለቱን በሽታዎች ለመለየት ሕንድና ቻይና ውስጥ የተሠሩ ሞዴሎች አሉ፤ እነሱ የቲቢን አገር ስለሚያውቁ ለእኛ ይቀርባሉ። ያም ሆኖ እዚህ ባሉ ሕሙማን ካልተፈተኑ አላምናቸውም።

ስለዚህ ወንድሽ ሐኪሙን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፦ ናሙናው በማይክሮስኮፕ ታየ ወይ? ለቲቢስ የቲቢ ባክቴሪያን ዘረመል በሚፈልገው በጂን ኤክስፐርት ማሽን ተመረመረ ወይ? ደረቴስ በራጅ ይታይ ወይ? መልሱ ሳይታወቅ ስቴሮይድ ከታዘዘለት ምክንያቱን ይጠይቅ፤ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ለአሜባ የሚሰጠውን ሜትሮኒዳዞል በየጊዜው ከፋርማሲ እየገዛ መዋጡን ያቁም። ለሕመሙም ዳይክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ አይውሰድ፣ አንጀትን ያባብሳል። አንቺ ደግሞ ደብተር ያዢለት። በቀን ስንት ጊዜ ሽንት ቤት እንደሄደ፣ ደም እንዳለው፣ ክብደቱን፣ የበላውን፣ የወሰደውን መድኃኒት ጻፊ። ሐኪሙ ያንን ደብተር ይፈልገዋል።

ለራስሽ ከሆነ ደግሞ ያንን የግድግዳና የባክቴሪያ ዙሪት በሦስት ኢኩዌሽን በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ጽፈሽ በላፕቶፕሽ ማስኬድ ትችያለሽ፤ አንድ ቅዳሜና እሑድ ይበቃሻል። ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናት። የሕክምና ኮሌጁን መምህራን ሄደሽ አናግሪያቸው። ሐኪምና ፕሮግራመር አብረው ካልተቀመጡ የእኛ ሰው መረጃ ሞዴል ውስጥ አይገባም።

ጥያቄ፦ ሕመሜን ስልኬ ላይ ላለ የኤአይ ፕሮግራም ስነግረው «የአንጀት ብግነት ነው» አለኝ። ሰገራዬ ላይ ደም ካየሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። ልመነው?
— ከአዘዞ

መልስ፦ አይመኑት፣ ግን ነገሩን ችላም አይበሉት። ፕሮግራሙ ከነገሩት ቃል ተነሥቶ ነው የገመተው፤ ሰገራዎን አላየም፣ ሆድዎንም አልዳሰሰም። ደሙ ከኪንታሮት፣ ከአሜባ፣ ከብግነት፣ አንዳንዴም ከካንሰር ሊመጣ ይችላል። እነዚህን የሚለየው ምርመራ ነው። ሦስት ሳምንት ብዙ ነው፤ ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ይሂዱ። ራስ ማዞር ወይም ትኩሳት ካለብዎ፣ ደሙም ከበዛ፣ ነገን አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ሰው ይዘው ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።