ከሐሞት ቱቦ ኢንዶስኮፒ በኋላ ችግር ቢመጣስ? ጥያቄና መልስ

የምሠራው መሃል አዲስ አበባ፣ ቸርችል ጎዳና አካባቢ፣ ራጅ ክፍል ነው። ጥያቄዎቹ የመጡት ኢአርሲፒ ከተደረገላቸው ሰዎችና ከቤተሰቦቻቸው ነው። ኢአርሲፒ በአፍ በሚገባ ካሜራ የሐሞት ቱቦን ጠጠር የማውጫ ሕክምና ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ ጠጠሩ ወጣላቸው። በሦስተኛው ቀን ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቆረ። ጨጓራ ነው ብለን እንጠብቅ?

መልስ፦ በፍጹም! አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው። ጠጠሩ እንዲያልፍ የቱቦው አፍ በትንሹ ይቆረጣል። ቁስሉ ከቀናት በኋላም ሊደማ ይችላል። ብዙውን ጊዜ በኢንዶስኮፒ እንደገና ተገብቶ ይቆማል። እምቢ ካለ ወደ እኛ ይመጣሉ። በብሽሽት ወይም በእጅ አንጓ በኩል ደም ቅዳ ውስጥ ቀጭን ቱቦ እናስገባለን። በራጅ እያየን የሚደማው ቅርንጫፍ ጋ እንደርስና በጥቃቅን የብረት ጥቅልሎች እንደፍነዋለን። ሆድ አይከፈትም። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ገና በር ላይ ተናገሩ።

ጥያቄ፦ ለእናቴ ካሜራው ቱቦው ውስጥ መግባት አልቻለም። ዓይናቸው ቢጫ ነው፤ ጎረቤት «የወፍ በሽታ ነው» ይላል። አሁን ደግሞ ያንቀጠቅጣቸዋል።

መልስ፦ ቢጫነትና ትኩሳት ከብርድ ብርድ ጋር ሲመጡ የታፈነው ሐሞት ሳይመረቅዝ አልቀረም። ይህ ለነገ አይባልም። መድኃኒት ብቻውን አይበቃም፤ ሐሞቱ መፍሰስ አለበት። በአልትራሳውንድ እያየን፣ ብዙ ጊዜ በቀኝ ጎድን አጥንቶች መካከል፣ ቀጭን መርፌ ወደ ጉበት እንሰዳለን። በመርፌው ሽቦ ይገባል፤ በሽቦው ላይ ቱቦ ይንሸራተታል። ይህን ዘዴ ስዊድናዊው ሐኪም ሴልዲንገር በ1953 እ.ኤ.አ. አሳተመው፤ ዛሬም የሥራችን መሠረት ነው። ሰው «ጉበት ውስጥ ቱቦ» ሲባል ይደነግጣል። ውፍረቱ ግን 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ ከኢንዶስኮፒው ማግስት ወደ ጀርባ የሚወጋ ሕመም?

መልስ፦ ቆሽት ተቆጥቶ ይሆናል፤ ከኢአርሲፒ በኋላ በብዛት የሚያጋጥመው እሱ ነው። ተመለሱና ታዩ። አብዛኛው በግሉኮስና በማስታገሻ ይሻለዋል። ቆይቶ መግል ከቋጠረ በሲቲ ስካን እያየን በቱቦ እናወጣዋለን።

ጥያቄ፦ ቱቦው እያለ ጸበል መጠመቅና መጾም ይቻላል?

መልስ፦ ቁስሉ ውሃ ውስጥ አይነከር። ጸበሉ ፊትዎንና እጅዎን ቢነካ ግን ችግር የለውም። ጾሙን በተመለከተ፣ ወደ ውጭ የሚፈሰው ሐሞት ውሃና ጨው ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ሙሉ ቀን ሳይጠጡ መዋል ይጎዳል። ለንስሐ አባትዎ ይህንኑ ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ ቱቦው ድንገት ቢወጣ?

መልስ፦ መልሳችሁ አታስገቡት። በንጹሕ ፋሻ ሸፍናችሁ ወዲያውኑ ኑ፤ ቀዳዳው ቶሎ ይዘጋል።