«ፍቅር» የሚል ቃል የሌለበት የፍቅር ግጥም፣ ዘይቤው የቱ ጋ ነው?

አንድ ወጣት አንባቢ አራት መስመር ግጥም ጽፎ ለጓደኞቹ ሲያነብላቸው «ይሄማ የውሃ ጥም ነው፣ ፍቅሩ የታለ?» አሉት። እና አሁን የሚጠይቀኝ ዘይቤ አለው ወይ፣ «እንደ ጽጌረዳ» ምናምን የሚል ልጨምርበት ወይ፣ ርዕሱንስ «የመጀመሪያ ፍቅር» ብለው ይገባቸው ይሆን ነው። ግጥሙ ይኸው፦

እግሬ ሳልልከው ደጇ አቆመኝ፣
ምላሴም ከድቶ «ውሃ» አስባለኝ፤
ብርጭቆው በእጄ ተንቀጠቀጠ፣
ጠጥቼው እንኳ ጥሜ በለጠ።

ወንድሜ፣ ዘይቤማ ሞልቶታል፣ ጓደኞችህ ያላዩት «እንደ» የምትለዋን ቃል ሲፈልጉ ነው፣ ብዙ ሰው ዘይቤ ሲባል ተነጻጻሪ ዘይቤ ብቻ ይመስለዋል።

እስቲ ግሶቹን እያቸው። «ሄድኩ» አላልክም፣ እግሬ አቆመኝ ነው ያልከው፣ «ውሃ ጠየቅኳት» ማለት ስትችል ደሞ ምላሴ አስባለኝ አልክ። ይሄ ሰውኛ ዘይቤ ነው፣ እግርና ምላስ እንደ ሰው በራሳቸው እየወሰኑ ባለቤታቸውን ሲያዙት። አማርኛ ለዚህ በጣም ይመቻል፣ በየቀኑ «እግሬ ወስዶኝ»፣ «ዓይኔ አላርፍ አለኝ» እንላለን፣ ሰውየው ራሱ ግሱ ጫፍ ላይ «ኝ» ሆኖ ተለጥፎ ይቀራል፣ አድራጊ መሆኑ ቀርቶ የሚደረግበት ይሆናል ማለት ነው። የልጅነት ፍቅርም እኮ እንደዚሁ ነው፣ የ16 የ17 ዓመት ልጅ «ወደድኩ» ብሎ ደረቱን አይነፋም፣ ሁሉም ነገር ሳያስበው የሚደርስበት ነው የሚመስለው። ዕድሜህን የትም አልጻፍክም፣ ያቺ «ኝ» ግን ነግራናለች።

ሦስተኛውን መስመር በጣም ወድጄዋለሁ። ብርጭቆ በራሱ አይንቀጠቀጥም፣ የተንቀጠቀጠው እጅህ ነው፣ ግን ፈራሁ ላለማለት ዕቃው ላይ ለጠፍከው። ማፈር ማለት ይሄው አይደል?

አራተኛው ሰምና ወርቅ ነው፣ ኅብረ ቃሉ፣ ማለትም ሁለት ትርጉም የያዘው ቃል፣ «ጥሜ» ነው። ሰሙ የውሃ ጥም፣ ወርቁ እሷን መናፈቅ። ጓደኞችህ ሰሙን ይዘው ቀሩ፣ ግን ትንሽ ቆም ቢሉ ኖሮ ውሃ ጠጥቶ ጥም የሚብሰው ሰው የጠማው ሌላ ነገር እንደሆነ ይገባቸው ነበር፣ ፍንጩን «ጠጥቼው እንኳ» ብለህ በግልጽ ነው ያስቀመጥከው።

አንድ ነገር ልብ ብለሃል ግን? ልጅቷ በሙሉ ግጥሙ ውስጥ ያለችው «ደጇ» ላይ ባለችው «ጇ» ብቻ ነው፣ ፊቷ የለም፣ ድምጿም የለም፣ ውሃውን ማን እንደሰጠህ እንኳ አልተናገርክም። አስበህበት ይሁን ሳታስብበት አላውቅም፣ ግን ቀና ብሎ ሊያያት ያልቻለ ልጅ ግጥም እንደዚህ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ጽጌረዳዋን ተዋት። አንደኛ መልኳን ካመጣህ ቀና ብለህ አይተሃታል ማለት ነው፣ ሁለተኛ «እንደ ጽጌረዳ» ስንቱ ደራሲ የተጠቀመባት ስለሆነች አንባቢው አበባውንም ልጅቷንም ሳያይ ነው የሚያልፋት፣ ደሞ ግጥሙ ሰንጎ መገን በሚባለው ምት፣ በየግማሽ መስመሩ አምስት አምስት ቀለም (የቃል ክፍል) እየረገጠ ነው የሚሄደው፣ ትርፍ ቃል ከገባ ምቱ ይሰበራል።

ርዕሱን «የመጀመሪያ ፍቅር» ካልከው ወርቁን ገና ሳይነበብ አወጣኸው። «ውሃ» በለው።