የተማሪዎች ጉዳይ ሥራ በአሜሪካ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቹ

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሁለት ዓመት በዶርም አር ኤ (የፎቁን ተማሪዎች የሚከታተል ተማሪ ረዳት) ሆኜ ሠርቻለሁ። በዚሁ መቀጠል እፈልጋለሁ፤ ቤተሰቦቼ ግን «ይሄ ደግሞ ምን ሥራ ነው?» ይላሉ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ቤተሰብዎ ቢገረም አይፈረድበትም፤ ሙያው ግን የቆየ ነው። የባለሙያዎቹ ማኅበር ናስፓ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1919 ነው። ዶርም፣ የትምህርት ምክር፣ ክበባት፣ ዲሲፕሊን፣ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሁሉ በዚህ ሥር ይገባሉ።

አብዛኛው የሙሉ ጊዜ ሥራ ማስተርስ ይጠይቃል ወይም ማስተርስ ያለውን ያስቀድማል፤ ትምህርቱ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። ቀጣሪ አጥብቆ የሚያየው ግን ከዲግሪው ይልቅ ጎን ለጎን የተሠራውን ግራጁዌት አሲስታንትሺፕ ነው። በሳምንት 20 ሰዓት ያህል ቢሮ ውስጥ ይሠራሉ፤ ዩኒቨርሲቲው የትምህርት ክፍያውን በሙሉ ወይም በከፊል ሸፍኖ አነስተኛ ደመወዝ ይጨምራል። አሲስታንትሺፕ ያልሰጠዎትን ፕሮግራም በብድር አይግቡበት፤ የጀማሪ ደመወዝ ያንን ዕዳ አይችለውም።

የትምህርቱና የአሲስታንትሺፑ ማመልከቻ በብዙ ቦታ ለየብቻ ነው። አንዱን ሞልቶ ሌላውን የሚረሳው ጥቂት አይደለም። ቀነ ገደቡ በአብዛኛው ዲሴምበርና ጃንዋሪ፣ ቃለ መጠይቁ ፌብሩዋሪና ማርች ላይ ይውላል። የቅበላ ደብዳቤው ሲመጣ ስለ ግብሩም ይጠይቁ። ለማስተማር ወይም ለምርምር ሳይሆን ለቢሮ ሥራ የተሸፈነ ክፍያ በዓመት ከ5,250 ዶላር ካለፈ፣ ትርፉ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ግብሩ ከደመወዝዎ ሊቆረጥ ይችላል።

ሬዙሜው ላይ «ተማሪዎችን ረድቻለሁ» አይበሉ። በፎቅዎ ስንት ተማሪ ነበር? ስንት ዝግጅት በምን ያህል በጀት አካሄዱ? በተረኛነት ሌሊት ምን ዓይነት ችግር አስተናገዱ? ቃለ መጠይቅ ላይ ደግሞ «አንድ ተማሪ ለማንም እንዳትናገር ብሎ ጾታዊ ጥቃት እንደደረሰበት ሊነግርዎት ቢጀምርስ?» መባልዎ አይቀርም። «ምስጢሩን እጠብቃለሁ» ያለ ይወድቃል። ትክክለኛው መልስ ተማሪው ነገሩን ሳይዘረዝር፣ ለታይትል ናይን ቢሮ (በትምህርት ቤት የጾታ መድልዎንና ጥቃትን የሚከታተለው ክፍል) የማሳወቅ ግዴታ እንዳለብዎት መንገርና በምስጢር ማውራት ወደሚችልበት የካውንስሊንግ ማዕከል መምራት ነው።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ በኤፍ 1 (የተማሪ) ቪዛ ሄጄ ይህንኑ ብማር፣ ከምረቃ በኋላ ሥራ ላይ መቆየት እችላለሁ?

መልስ፦ ኦ ፒ ቲ፣ ማለትም ተመራቂ በተማረበት ዘርፍ እንዲሠራ የሚሰጠው ፈቃድ፣ 12 ወር ይሰጥዎታል። ዘርፉ ከስቴም (ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ) ስለማይመደብ የ24 ወር ማራዘሚያ የለውም። ትምህርቱ ከማለቁ 90 ቀን አስቀድሞ ማመልከት ይቻላል፤ አይዘግዩ፤ ኦ ፒ ቲው ከጀመረ በኋላ በድምሩ ከ90 ቀን በላይ ሥራ አጥ መሆን አይፈቀድም። ዩኒቨርሲቲዎች ቀጣሪ ስፖንሰር በሚሆንበት የሥራ ቪዛ፣ በኤች 1 ቢ፣ ዕጣ ውስጥ አለመግባታቸው ትልቅ ዕድል ነው። ሆኖም ለዶርም ኃላፊነት ስፖንሰር የማይሆኑ ብዙ ናቸው፤ ቅጥሩን ከመቀበልዎ በፊት ከሰው ኃይል ቢሮው በጽሑፍ መልስ ይያዙ።

ጥያቄ፦ አዲስ የትምህርት አማካሪ ነኝ። የሐበሻ ወላጆች ደውለው «የልጄን ውጤት ንገሪኝ» ይሉኛል። እምቢ ማለት ከበደኝ።

መልስ፦ የተማሪን የትምህርት መዝገብ ምስጢር በሚጠብቀው በ1974ቱ (እ.ኤ.አ.) ፌርፓ ሕግ መሠረት ልጁ ኮሌጅ ከገባ መብቱ የራሱ ነው፣ 18 ባይሞላውም። በአማርኛ፣ በዝምድና፣ በስልክ የሚባል ልዩነት የለም፤ ተማሪው በጽሑፍ ካልፈቀደ ውጤትም ሆነ የክፍል ክትትል አይነገርም። ወላጅ በግብር ላይ ጥገኛዬ ነው ብሎ ያስመዘገበው ልጅ ከሆነ ኮሌጁ ሊፈቅድ ይችላል፤ ያንን የሚወስነው ግን ሬጅስትራር ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም። ሕጉ ማዳመጥን አይከለክልም። እናትየው የምትነግርዎትን ይስሙ፤ ኮርስ የማቋረጫው ቀን መቼ እንደሆነ፣ የነፃ አስጠኚ ማዕከሉ የት እንዳለ ያስረዷት፤ ከዚያም ልጁን ራስዎ ለቀጠሮ ይጥሩት።