የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ትዕዛዝ እየተጻፈለት የሚሠራ ተርሚናል አዳፕተር

(ትዕዛዞቹን እዚህ ያሰፈርናቸው እንደሚነበቡት ነው፤ በቁልፍ ሰሌዳው ላይ ግን የላቲን ፊደሎቹን ይምቱ።)

ጥያቄ፦ የአይኤስዲኤን (የዲጂታል ስልክ መስመር) ተርሚናል አዳፕተሬን፣ ማለትም ኮምፒውተርን ከመስመሩ ጋር የሚያገናኘውን መሣሪያ፣ በሲሪያል ኬብል ከኮምፒውተሬ ጋር አገናኝቼ «ኤቲ» (የትዕዛዞቹ መነሻ) ብዬ ብጽፍ መልስ የለም። የምጽፈው ፊደልም ስክሪኑ ላይ አይታይም። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ላይበላሽ ይችላል። ኢ0 የሚለው ትዕዛዝ አዳፕተሩ የተጻፈለትን መልሶ እንዳያሳይ ያደርገዋል፤ ኪው1 ደግሞ መልስ እንዳይሰጥ። ሁለቱ ከተገናኙ መሣሪያው የታዘዘውን እየፈጸመ ዝም ይላል። ስለዚህ ባይታይዎትም «ኤቲኢ1ኪው0ቪ1» ብለው ይጻፉና ኢንተር ይምቱ። ቪ1 መልሱ በቃል እንዲመጣ ነው፤ ቪ0 ላይ ሲሆን በ«ኦኬ» ፋንታ 0፣ በ«ኖ ካሪየር» (ግንኙነት የለም) ፋንታ 3 ይመጣል።

አሁንም ዝም ካለ ፖርቱን 8 ዳታ ቢት፣ ያለ ፓሪቲ (የስህተት መፈተሻ ቢት)፣ 1 ስቶፕ ቢት ያድርጉት። ኬብሉ ቀጥታ እንጂ ኑል ሞደም (የመላኪያና የመቀበያ ሽቦዎቹ የተሻገሩበት) መሆን የለበትም። የተርሚናል ፕሮግራሙ ለኢንተር የሚልከው ኮድ 13 መሆኑንም ይዩ፤ 10ን (የአዲስ መስመር ኮድ) ብቻ የሚልክ ከሆነ አዳፕተሩ ትዕዛዙ ማለቁን አያውቅም። ኤ እና ቲ ሁለቱም ትልቅ ወይም ሁለቱም ትንሽ ፊደል ይሁኑ። አዳፕተሩ የፖርቱን ፍጥነት የሚለየው ከእነዚህ ፊደሎች በመሆኑ አንዱን ትልቅ፣ አንዱን ትንሽ አድርገው ቢጽፉ ብዙዎቹ አይቀበሉም።

ጥያቄ፦ ግንኙነቱ ላይ እያለሁ +++ ጽፌ ኢንተር ብመታም ወደ ትዕዛዝ አልመለስም።

መልስ፦ የሚያበላሽብዎ ያ ኢንተር ነው። አዳፕተሩ ሦስቱን መደመሪያዎች ከተራ ጽሑፍ የሚለየው በፊትና በኋላቸው ባለው ጸጥታ ነው። አንድ ሰከንድ ያህል ምንም አይንኩ፣ +++ን ቶሎ ቶሎ ይምቱ፣ ከዚያ እጅዎን ሰብስበው «ኦኬ» እስኪል ይጠብቁ። የጸጥታው ርዝመት ኤስ12 በሚባለው መዝገብ ውስጥ ነው፤ መለኪያው የሰከንድ 1/50 ስለሆነ 50 ማለት አንድ ሰከንድ ነው። «ኦኬ» ካለ በኋላ መስመሩ አልተዘጋም። «ኤቲኤች» ይዘጋዋል፣ «ኤቲኦ» ወደ ግንኙነቱ ይመልስዎታል። ይህን የማያውቁ ሰዎች መስመሩን ክፍት ትተው ስለሚሄዱ አደራ፣ ይጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ «ኤቲዲ» (ደውል) ብዬ ቁጥሩን ስጽፍ ወዲያው «ኖ ካሪየር» ይለኛል። ሲገናኝም ፋይል የሚመጣው ከጠበቅሁት ፍጥነት በታች ነው።

መልስ፦ ለመጀመሪያው፣ ጥሪው ደርሶ ሁለቱ ወገኖች በቢ ቻናሉ (ዳታውን በሚያሳልፈው የመስመሩ ክፍል) ላይ በምን ፕሮቶኮል (የመነጋገሪያ ደንብ) እንደሚነጋገሩ አልተስማሙ ይሆናል። አንዱ ቪ.120፣ ሌላው ኤክስ.75 ላይ ከሆነ አይግባቡም። የሚደውሉለትን ወገን ጠይቀው ያንኑ ይምረጡ። የመምረጫው ትዕዛዝ ከአምራች አምራች ይለያያልና ከመሣሪያው መመሪያ ይውሰዱት፤ በብዙዎቹ ላይ «ኤቲ&ቪ» ያለውን ቅንብር ያሳያል። ካስተካከሉ በኋላ «ኤቲ&ደብሊው» ብለው ያስቀምጡት፤ አለዚያ ኃይል ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ፍጥነቱን በተመለከተ ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ቢ ቻናል በሰከንድ 64,000 ቢት፣ ማለትም 8,000 ባይት ያሳልፋል። በሲሪያል ፖርቱ ላይ ግን እያንዳንዱ ባይት ስታርትና ስቶፕ ቢት ተጨምሮበት 10 ቢት ስለሚሆን 80,000 ያስፈልጋል። ፖርትዎ 57,600 ላይ ከሆነ ማነቆው እሱ ነው፤ ወደ 115,200 ከፍ ያድርጉት። ሁለቱን ቻናሎች አጣምረው ሲሠሩ ግን 160,000 ስለሚጠይቅ 115,200ም አይበቃም፤ 230,400 የሚችል ፖርት ይፈልጋል። የፍሰት መቆጣጠሪያው (ዳታ ሲበዛ ላኪውን የሚያስቆመው ዘዴ) በኬብሉ ሽቦዎች የሚሠራው አርቲኤስ/ሲቲኤስ ይሁን። ምልክቶቹን ከዳታው ጋር በሚልከው ኤክስኦን/ኤክስኦፍ ከሠሩ በፋይሉ ውስጥ ያሉት 17 እና 19 ኮዶች እንደ «ቀጥል» እና «ቁም» ምልክት ይቆጠሩና ፋይሉ ጎድሎ ይደርሳል ወይም መሀል ላይ ይቆማል።