ክንፍ ያለው ስፕሪንት ካር ወይስ የሌለው?

ወንድሜ፣ “ልጄን የስፕሪንት ካር ውድድር ላሳየው ነው፤ ክንፍ ያለው ይሻላል ወይስ የሌለው?” ብለህ ጠይቀሃል። ስፕሪንት ካር ማለት በአጭር የአፈር ትራክ ላይ የሚወዳደር ትንሽ ግን ኃይለኛ የውድድር መኪና ነው። እኔ የምኖረው ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነው። ኤልዶራ ስፒድዌይ የሚባለው የውድድር ትራክ ከዚህ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ሁለቱንም ደጋግሜ አይቻለሁ። እኔን ካልከኝ መጀመሪያ ክንፍ የሌለውን አሳየው።

በፍጥነት ከሆነ ክርክር የለውም፤ ክንፍ ያለው ይበልጣል። የኤልዶራ ዙር ግማሽ ማይል ነው፣ መሬቱም ሸክላ አፈር። ክንፍ ያለው መኪና ዙሩን በ13 ሰከንድ አካባቢ ይጨርሰዋል። የሌለው ሁለት ሰከንድ ያህል ይዘገያል። ሞተራቸው ግን ያው ነው፦ 410 ኪዩቢክ ኢንች፣ ወደ 900 የፈረስ ጉልበት፣ ሜታኖል በሚባል የአልኮል ነዳጅ የሚሠራ። ልዩነቱን የሚያመጣው ከሾፌሩ አናት በላይ ያለው 25 ስኩዌር ፊት ክንፍ ነው። ነፋሱ ክንፉን ሲጫነው የኋላ ጎማዎች መሬቱን ቆንጥጠው ይይዛሉ። መኪናው በጎን ሲንሸራተት ደግሞ የክንፉ የጎን ሰሌዳዎች ነፋስ እየያዙ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ይደግፉታል። ስለዚህ ሾፌሩ ኩርባ ውስጥም እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ብዙ አያነሳም። ትራኩ እየደረቀ ሲሄድ እየነዳ ክንፉን በሃይድሮሊክ ወደ ኋላ ያንሸራትተዋል።

ክንፍ ከሌለ ግን ያን ሁሉ ጉልበት የሚቆጣጠረው የሾፌሩ እግር ነው። ትንሽ ከበዛ ጎማው ይሽከረከርና መኪናው ይዞራል። ካነሰ ደግሞ ያልፉታል። ኩርባው አጠገብ ተቀመጡና የፊት ጎማዎቹን አሳየው፦ መኪናው ወደ ግራ እየታጠፈ ጎማዎቹ ወደ ቀኝ ዞረዋል። ግድግዳው ሥር የተጠራቀመ አፈር አለ። ጎበዙ ሾፌር የቀኝ የኋላ ጎማውን እዚያ ላይ አስደግፎ፣ ከግድግዳው በትንሽ ክፍተት ይወጣል። ልጅህ ሾፌሩ ምን እየሠራ እንደሆነ በዓይኑ ያያል። ለእኔ ውድድር ማለት ይሄ ነው።

ክንፍ ባላቸው ላይ ሌላም የማልወደው ነገር አለ። የፊተኛው መኪና ነፋሱን ስለሚበጠብጠው የኋለኛው ተጠግቶ ለማለፍ ይቸገራል።

ያም ሆኖ ክንፍ ያለው ቀላል ነው የሚሉትን አልሰማቸውም። በዚያ ፍጥነት ለማሰብ ጊዜ የለም። ከ1978 ጀምሮ የሚካሄደውን የዎርልድ ኦፍ አውትሎውስ (ክንፍ ያላቸው ስፕሪንት ካሮች ተከታታይ ውድድር) ዋንጫ ሾፌሩ ስቲቭ ኪንዘር 20 ጊዜ የወሰደው በዕድል አይደለም። በነገራችን ላይ ሾፌሩ ጂም ኩሽማን በ1958 መኪናው ላይ ክንፍ ገጥሞ የተወዳደረው እዚሁ ኮሎምበስ ነው።

አደጋን በተመለከተ ልጁን አስቀድመህ አዘጋጀው። ጎማዎቹ ሽፋን የላቸውም፤ ሲነካኩ አንዱ በሌላው ላይ ይወጣና መኪናው ይገለባበጣል። ክንፍ ካለ እየተጨማደደ የምቱን ኃይል ይቀንሰዋል። የሌለው ሲገለበጥ ግን ያስደነግጣል።

ሁለቱንም በአንድ ቦታ ለማየት ኤልዶራ በሴፕቴምበር የሚደረገው “ፎር ክራውን” የሚባለው ውድድር ይመቻል፤ የዓመቱን ፕሮግራም ቀድመህ እይ። ቀደም ብላችሁ ግቡ። እነዚህ መኪኖች የሞተር ማስነሻ የላቸውም፤ ከኋላ በፒክአፕ እየተገፉ ነው የሚነሱት፣ ልጆች ደግሞ ይህን ማየት ይወዳሉ። የታችኛው ወንበር ላይ ጭቃ ስለሚረጭ ከፍ ብላችሁ ተቀመጡ። የጆሮ መከላከያ ግን የግድ ነው፤ ለልጁ ጆሮውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነውን ግዛለት።