ስም የተሰጠው ቁጥር

ሰሞኑን አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ኢነም ትቼ በኮንስታንት ብጽፈው ምን ችግር አለው? ያው ቁጥር አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። ኮንስታንት ለማይለወጥ ዋጋ፣ ለምሳሌ ለቁጥር፣ የተሰጠ ስም ነው፤ ኢነም ደግሞ የተወሰኑ ምርጫዎችን በስማቸው የሚዘረዝር ራሱን የቻለ ዓይነት ነው። የአንድ መስመር መልስ ጻፍኩና ሳልልከው አጠፋሁት። አንድ አብሮኝ የሠራ ልጅ ትዝ አለኝ።

የፕሮግራም ቋንቋው ጃቫ ኢነም ያገኘው በፈረንጆቹ 2004፣ በአምስተኛው ስሪቱ ነው። የማወራችሁ ከዚያ በፊት ስለሆነው ነው። የትዕዛዝ ሁኔታን የምንይዘው በኢንቲጀር (በሙሉ ቁጥር) ኮንስታንት ነበር፦ ያልተከፈለ 1፣ የተከፈለ 2፣ የተሰረዘ 3። አንድ ቀን «በማጣራት ላይ» የሚል ይጨመር ተባለ። መጨረሻ ላይ 4 ብዬ ባስቀምጠው ያልቅ ነበር። እኔ ግን ቅደም ተከተሉ እንዲያምርልኝ መሃል ሰካሁት፤ የተከፈለ 3፣ የተሰረዘ 4 ሆኑ። ዳታቤዙን አስተካከልኩ፣ የነካኋቸውን ፋይሎች ብቻ ኮምፓይል አድርጌ፣ ማለትም የጻፍኩትን ኮድ ጃቫ ወደሚያስኬደው መልክ ቀይሬ፣ ጫንኩ። ሁሉንም እንደ አዲስ ኮምፓይል ማድረግ ያን ጊዜ ግማሽ ቀን ይበላ ነበር።

በማግስቱ በትክክል ለተከፈሉ ትዕዛዞች ገንዘብ ይመለስ ጀመር። ገንዘብ የሚመልሰውን ክፍል የጻፈው ያ ልጅ ነው፤ ገና ጀማሪ ነበር። ስብሰባ ላይ፣ በሰው ፊት፣ «ኮድህን ሳትፈትሽ ነው የሰጠኸን» አልኩት። ከፍቶ አሳየኝ፤ «ሁኔታው የተሰረዘ ከሆነ» ይላል፣ እንከን የለውም። አላመንኩትም። ማታ ክላስ ፋይሉን (ኮምፓይል የተደረገውን ኮድ) ውስጡን በሚያሳየው መሣሪያ፣ በጃቫፒ፣ ፈትቼ ሳየው ግን የኮንስታንቱ ስም የለም፤ በቦታው «አይኮንስት 3»፣ ማለትም ቁጥሩ 3 ራሱ፣ ተቀምጧል። ኮምፓይለሩ ቁጥሩን ቀድቶ ስሙን ትቶታል። የልጁ ፋይል እንደገና ኮምፓይል ስላልተደረገ፣ ለእሱ 3 ማለት አሁንም የተሰረዘ ነው።

ይቅርታ የጠየቅኩት ኮሪደር ላይ፣ ለብቻው ነው። ስብሰባ ላይ አላነሳሁትም።

እናንተማ አንድ ቁልፍ ስትጫኑ ሁሉም ከባዶ ይገነባላችኋል፤ ከሥር ምን እንደተጻፈ ለማየት የሚጓጓ ግን ብዙም አላየሁም። ኢነም ቢሆን ኖሮ የልጁ ፋይል የሚይዘው ስሙን ነበር። ደግሞ ኢንቲጀር ለሚቀበል ሜተድ (አንድ ሥራ ለሚሠራ የኮድ ቁራጭ) በሁኔታ ፋንታ የወር ቁጥር ብትሰጡት ኮምፓይለሩ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል፤ ኢነም ላይ ይጮኻል።

ይህን እያልኩ እኔ ራሴ ዛሬም ኮንስታንት እጽፋለሁ። ከውጭ የሚመጣን ቁጥር፣ እንደ ኤችቲቲፒ 404 («አልተገኘም» እንደሚለው የድረ ገጽ ምላሽ) ያለውን፣ ነገ ምን እንደሚጨመርበት ስለማላውቅ ኢነም ውስጥ አልቆልፈውም። ኢነሙንም ቢሆን በስሙ ሳይሆን በዝርዝሩ ውስጥ ባለው ተራ ቁጥሩ ዳታቤዝ ውስጥ ካስቀመጣችሁት፣ እንደኔ እንዲያምር ብሎ መሃል የሚሰካ ሰው አይጠፋም።