ቲማቲሟ ለተዥጎረጎረባት እህታችን፦ ምንም አትርጪ

እህቴ፣ የቲማቲምሽ ቅጠል ተዥጎርጉሮ "ተክል እንደ ሰው አንቲቦዲ (ተሕዋስን የሚይዝ የደም ፕሮቲን) ከሌለው ቫይረስን በምን ይከላከላል? ምንስ ልርጭበት?" ብለሽ ጠይቀሻል። የደረሰብሽ ቁርጥ የኔ ነው፣ ስለዚህ ከኋለኛው ልጀምር። ቫይረስን የሚፈውስ ርጭት የለም። ለኔ ግን አንድ መሥሪያ ቤት ያለ ባለሙያ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ፀረ ፈንገስ አዘዘልኝ። "ቫይረስ ቢሆንስ?" ብዬ ስጠይቀው "ታዲያ አንተ ለምን እዚህ አትቀመጥም?" አለኝ። እሺ ይሁን።

1. መድኃኒቱን የሚሠራው ተክሉ ራሱ ነው። የብዙዎቹ የተክል ቫይረሶች የዘር መመሪያ የተጻፈው አርኤንኤ በሚባል እንደ ክር ባለ ሞለኪውል ነው። ሴል ውስጥ ሲባዙ ጥንድ የሆነ አርኤንኤ ይፈጠራል፤ ተክሉ የሚባንነው ያኔ ነው። ዳይሰር የሚባል ፕሮቲን ጥንዱን 21 ወይም 22 ፊደል ብቻ ወዳላቸው ቁርጥራጮች ይከትፈዋል። አርጎኖት የሚባለው ደግሞ ቁርጥራጩን ይዞ ከሱ ጋር የሚገጥመውን የቫይረስ አርኤንኤ እያደነ ይቆርጣል። ጉድ የሚያሰኘው፣ "ይሄን ቫይረስ ቁረጡ" የሚለው ወሬ ምግብ በሚተላለፍበት ቧንቧ በኩል ገና ወዳልታመሙት ቅጠሎች መሄዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 የታችኛው ቅጠሉ የታመመ ትምባሆ ከላይ ንጹሕ ቅጠል ማውጣቱ ተጽፏል፤ ቁርጥራጮቹ ራሳቸው የተገኙት ግን በ1999 ነው።

2. ቫይረሱም ዋዛ አይደለም። ቅጠል የሚያዥጎረጉረው የቲማቲም ሞዛይክ ቫይረስ ይህን መከላከያ የሚያፍን ፕሮቲን አለው። ስለዚህ "ይድን ይሆናል" ብለሽ የታመመውን ከጤነኛው መሀል አትተዪ፣ ነቅለሽ አስወግጂ።

3. መቀስ! ይሄ ቫይረስ በእጅ፣ በልብስ፣ በመቀስ ይተላለፋል። ያ ባለሙያ በስንት ልመና መጣና ከታመመው ተክል ቅጠል ቆረጠ፣ በዚያው መቀስ ወደ ጤነኛው አለፈ፣ እንዲህ እያለ መስመሩን ጨረሰው። በበረኪና እናጽዳው ስለው ሳቀብኝ፣ "ቀዶ ጥገና መሰለህ እንዴ?" ብሎ። ብዙም ሳይቆይ የነካው መስመር ሁሉ ማለት ይቻላል ተዥጎረጎረ፣ ላብራቶሪ ሳስመረምረውም የቲማቲም ሞዛይክ ሆኖ ተገኘ። ልነግረው ስሄድ ጆሮ ዳባ ልበስ!

አንዱ መስመር ግን ምንም አልሆነም፤ እሱንም በዚያው መቀስ ነክቶት ነበር። እዚያ የተከልኩት ቲኤም-2 የሚባል ጂን ያለበት ዘር ነው፣ ጎረቤቶቼ "አጉል ምሁር" እያሉ የቀለዱብኝ ዘር። ጂኑ የሚሠራው ፕሮቲን፣ ቫይረሱ ከሴል ወደ ሴል ለመሻገር የሚጠቀምበትን ፕሮቲን ይለይና ገና ከመግቢያው ያስቆመዋል። አሁን ቀልደኞቹ ራሳቸው ዘሩን ከየት አገኘኸው እያሉ ይጠይቁኛል።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ዙር ዘር ስትመርጪ ቫይረሱን በስሙ ጠርተሽ "ይሄን ይቋቋማል ወይ?" በይ። ብራውን ሩጎስ የሚባለው አዲሱ ዘመዱ ይህን ጂን ጥሶ ስለሚያልፍ እሱን ለብቻው ጠይቂ። "ሁሉንም ይችላል" ካሉሽ አትውሰጂ።